ያልተሟሸችው ሸክላ

ያምሮት ሃያ ስድስት ዓመት የቤት ባልትና አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዛሬ ልጅ የዳሩ፣ የልጅ ልጅ ያቀፉ ሴቶች ሽሮ መከካትን፣ ቅቤ ማንጠርን፣ አዲስ ሸክላ ማሟሸትን ከእናታቸው ቀጥሎ የተማሩት ከእሷ ነው። በመንገድ ስታልፍ «ቲቸር» እያሉ ከበርጩማ የሚነሱላት አሉ። እሷም ይህን ስለምታውቅ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።

ባሏ ከሞተ፣ አንዲት ልጇ ሜላትም አግብታ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ በረንዳዋ ላይ ነው። እዚያ አሥራ አንድ አትክልት በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፤ ገሚሱ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ገሚሱ በወተት ዱቄት ጣሳ። ስድስቱ ጽጌረዳ ነው። ቀዩን ጽጌረዳ ጡረታ በወጣችበት ቀን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። ከጓሮው በር አጠገብ፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ደግሞ በዛገ ጣሳ የበቀለ ጤና አዳም አለ። እሱ ከቁጥር አይገባም።

የካቲት ላይ የሜላት መውለጃ ተቃረበ። እናት አራስ ልትጠይቅ ሳይሆን አራስ ልታርስ መሄዷ ነውና አርባ ቀን ከቤቷ ልትርቅ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ነበር፤ አንዳንዴ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴም ያ ቀን ይዘለላል።

«እማ፣ አሁን አንቺ የምትጨነቂው ለእኔ ነው ወይስ ለጽጌረዳው?» አለቻት ሜላት በስልክ።

«ላንቺማ ባልሽ አለ። ለጽጌረዳው ማን አለለት?»

ሜላት ሳቀች። «ቆይ፣ በስልክ ያየሁት ነገር አለ። ትንሽዬ እንስራ ናት፤ አንገቷ ቀጭን፣ ታችዋ ሾጣጣ። አፈሩ ውስጥ እስካንገቷ ትቀብሪያትና ውኃ ትጨምሪባታለሽ። ከዚያ ሸክላዋ ራሷ ቀስ እያለች ታጠጣለች። በሳምንት አንዴ ሰው ብቅ ብሎ የጎደለውን ቢጨምር ይበቃል።»

«ሸክላዋ ራሷ?»

«ራሷ።»

ያምሮት ከታች መርፌ የምታህል ቀዳዳ ትኖራታለች ብላ ገመተች። መጠየቅ ግን አልወደደችም። ስለ ሸክላ ደግሞ ከልጇ ልትማር ነው?

በቅዳሜ ገበያ ሸክላ የሚሸጠው ከሽንኩርት ተራው በታች፣ ከአጥሩ ሥር ነው። አልጣሽ ከጅጋ ወዲያ ካለ መንደር ሸክላዋን በገመድ አስራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣ ቀጭን ሴት ናት። በዕድሜ ያምሮትን ትበልጣታለች። ያምሮት ግን «አንቺ» ነው የምትላት፤ ሸክላ ሠሪን «እርስዎ» የሚል ሰው በዚያ ገበያ የለም።

ያምሮት በወረቀት የሣለችውን አሳየቻት። አልጣሽ ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ አዞረችው።

«ጠላ አይያዝባት፣ ወጥ አይሠራባት፣ ለምን ትሆናለች እመይቴ?»

«አፈር ውስጥ ትቀበራለች። አትክልት ታጠጣለች።»

አልጣሽ አሰብ አደረገችና ፊቷ ፈካ። «እህ! እንዲያልባት ነዋ የሚፈለገው! እንግዲያ አሸዋውን ጨመር አድርጌ፣ ሳልለቀልቅ፣ ቀለል ባለ እሳት እተኩሳታለሁ።» አርባ ዓመት ሸክላ ስትሠራ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ደስ ያላት ትመስላለች።

ያምሮት የማላቡን ነገር ልብ አላለችውም። ቁጥሩን ብቻ ነገረቻት፤ አሥራ አንድ።

ሁለት ቅዳሜ ቆይታ ስትወርድ እንስራዎቹ በገለባ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ቀያይ፣ ሻካራ፣ ሲነኳቸው እንደ ድመት ምላስ የሚከረክሩ ነበሩ። ያምሮት አንገት አንገታቸውን እያየች ስንጥቅ ትፈልግ ጀመር። በዚያው ቅጽበት ጎረቤቷና የማኅበር ጓደኛዋ ንግሥቴ ከሽንኩርት ተራው «ያምሮት፣ ነይ እንጂ ሊያልቅ ነው!» እያለች ትጣራለች።

«እንዲህ እንዳሉ ይቅበሯቸው እመይቴ» አለች አልጣሽ። «እሳትም ቅባትም እንዳይነካቸው።»

«እሺ፣ እሺ።»

«ይህቺ ደግሞ ምራቂዎ ናት።» አልጣሽ ከነጠላዋ ሥር አንዲት ትንሽ አሥራ ሁለተኛ አወጣች። «ጭቃው ተርፎኝ ነው። ለተረፈ አትክልት ትሆናለች።»

ቤት ስትደርስ ያምሮት ሸክላ ያመጣች ሴት ሁሉ የምታደርገውን አደረገች። ያልተሟሸ ሸክላ ቤት አይገባም፤ ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስንቱን አስገልብጣለች። ጮክ ብላ የማትናገረው ሌላ ምክንያትም ነበራት። እናቷ በልጅነቷ፣ ከሸክላ ሠሪ እጅ የወጣ ዕቃ እሳትና ቅባት ካላየ በጎ አይሆንም እያለች ታንሾካሹክላት ነበር። ያምሮት ይህን አላምንም ትላለች። ግን ታሟሻለች።

ጎመን ዘር ወቀጠች። በጥብጣ በቀጭን አንገታቸው አንቆረቆረችባቸው፤ ውጫቸውንም በጨርቅ አሸች። ከሰል ላይ ደርድራ፣ ጭሱ እስኪያልቅ እያገላበጠች አሟሸቻቸው። ጠቁረው እንደ ተወለወለ ጫማ አብለጨለጩ። አሥራ ሁለተኛዋ ጋ ስትደርስ ጎመን ዘሩ አለቀ፤ ከሰሉም ዐመድ ለብሷል። «ለዚች ደግሞ!» አለችና እንዳለች ወስዳ ከጓሮው ጤና አዳም ሥር ሻጠቻት።

ባሕር ዳር ሳለች ንግሥቴ በየሳምንቱ ትደውልላት ነበር።

«ሙሉ ናቸው! ጠብታ አልጎደለም። የተባረከ ዕቃ ነው ያገኘሽው።»

ያምሮት ደስ አላት፤ ውኃውን ቆጥበው የሚያጠጡ መሰላት። በሦስተኛው ሳምንት ግን የንግሥቴ ድምፅ ቀዝቀዝ አለ።

«ቅጠሉ ጠውለግ ብሏል። ውኃው ግን አሁንም ሙሉ ነው። ከላይ ላጠጣው እንዴ?»

«ሙሉ ከሆነማ አትንኪው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ፀሐዩ ነው።»

«የጓሮዋን ግን ሁልጊዜ ባዶ ሆና ነው የማገኛት። እጨምራለሁ፣ ትጠጣዋለች። ሳትሰነጠቅ አልቀረችም።»

«እሷ ምራቂ ናት፤ ምን ይጠበቅባታል» አለች ያምሮት።

የልጅ ልጇን ክርስትና አስነስታ ስትመለስ አሥራ አንዱም ደርቀው ነበር። ቀዩን ጽጌረዳ በጣቷ ስትነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እንስራዋን ከአፈሩ ነቅላ ደፋቻት፤ አርባ ቀን የቆየ ውኃ በረንዳው ላይ ፈሰሰ። ያምሮት ጎንበስ ብላ የእንስራዋን ታች ስታየው ድፍን ነው። ቀዳዳ የለውም።

በቅዳሜው የደረቀውን ጽጌረዳ ከነጣሳው በአንድ እጇ፣ እንስራዋን በሌላ እጇ ይዛ ወደ ገበያ ወረደች። ንግሥቴም ተከተለቻት። ፋሲካ ስለደረሰ ገበያው እግር መጣያ የለውም ነበር።

«አልጣሽ! ቀዳዳው የት አለ?»

«የምን ቀዳዳ፣ እመይቴ?»

«ውኃው የሚወጣበት ነዋ! አርባ ቀን ሙሉ ጠብ አላለም። ድፍን ነገር ነው የሸጥሽልኝ።»

አልጣሽ እንስራዋን ተቀብላ ወደ ፀሐይ አነሳቻት። በአውራ ጣቷ ሆዷን አሻሸችው፤ ጣቷን አሸተተች። «ይህ የእኔ ሸክላ መልክ አይደለም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን ቀቧት?»

የሚገባ ጥያቄ ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ያምሮት ትመልሰው ይሆናል። ግን ዙሪያዋን ሰው ቆሟል፤ ከቆሙትም ውስጥ ያስተማረቻቸው አሉ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ሸክላ ሠሪ በአደባባይ ልትመረምራት!

«የቤቴን ሥራ አንቺ ልትጠይቂኝ ነው?» ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ሆነ፤ እስከ እህል ተራ ይሰማል። «አሥራ አንድ አትክልቴን በላሽው! አሁን ደግሞ ምን ቀባሽ ትይኛለሽ?»

በዚያ አገር «በላሽው» የሚለው ቃል በሸክላ ሠሪ ላይ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ዓይንሽ ክፉ ነው፣ ያየሽው ይደርቃል ማለት ነው። ያምሮት ራሷ ክፍል ውስጥ «ይህ ከንቱ እምነት ነው» እያለች ስታስተምር ኖራለች። ቃሉ ግን ከአፏ ወጣ፤ ከወጣም በኋላ አልመለሰችውም።

ድስት በጣቷ እያንኳኳች ስትመርጥ የነበረች ሴት ድስቱን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሌላዋ ልጇን ወደ ነጠላዋ ሳበች። አልጣሽ ሸክላዎቿን እያነሳች አንድ በአንድ በገለባ መጠቅለል ጀመረች።

«አበጀሽ! ልክ ልኳን ነገርሻት» አለች ንግሥቴ በመንገድ። ማታውኑ ከአልጣሽ የገዛችውን ድስት ከደጃፏ ድንጋይ ላይ አፍርጣ ሰበረችው። በማኅበሩ ቀንም ሴቶቹ «እኛስ በሸክላዋ ስንት ዓመት በልተን!» እያሉ አማተቡ። ያምሮት ጠላዋን ተጎነጨች። በሦስተኛው ቅዳሜ የአልጣሽ ቦታ ባዶ ነበር። በአራተኛውም።

ግንቦት ሲገባ ሜላት ደወለች። ሕፃኑ ከጀርባ ያለቅሳል።

«እማ፣ ያ የሸክላው ነገር እንዴት ሆነ? አልነገርሽኝም እኮ።»

«ምን ይነገራል! ቀዳዳ የሌለው ድፍን ሸክላ ሸጠችልኝ፤ አሥራ አንዱም ደረቀ።»

«ቀዳዳ? ቀዳዳ የለውም እኮ እማ። ሸክላው ነው የሚያልበው። አዲስ የውኃ እንስራ ውጩ እንደሚረጥበው ማለት ነው።» «እማ... አሟሽተሻቸው ነበር እንዴ?»

የያምሮት ዓይን ወደ ጓሮው በር ሄደ።

«እማ? ኔትወርኩ ነው?»

«አዎ፣ ኔትወርኩ ነው» አለችና ዘጋችው።

ወደ ጓሮ ወጣች። ጤና አዳሙ ጣሳውን ሞልቶ፣ ወደ ጎን ተንጠራርቶ አረንጓዴ ሆኗል። ልብስ ስታጥብ እግረ መንገዷን ጥቂት ውኃ ከመጨመር በቀር ቀና ብላ አይታው አታውቅም። ትንሿን እንስራ በአንገቷ ይዛ ሳበቻት፤ እሺ አላለችም። አጥብቃ ስትነቅላት ሥሮቹ ነጫጭ ክር መስለው፣ ሆዷን ከላይ እስከ ታች አቅፈው አብረው ወጡ። ሸክላዋ ላብ እንዳዠው ግንባር እርጥብ ነበረች።

ያኔ የአልጣሽ ድምፅ ከነቃናው መጣላት። *እሳትም ቅባትም እንዳይነካቸው።* ሰምታዋለች። ቃል በቃል ሰምታዋለች። ጆሮዋ ሰምቶ፣ እሷ ናት «ከማን አፍ?» ብላ የጣለችው። ንግሥቴ ላጠጣ ስትል አትንኪው ያለችውም እሷ ናት። ትንሿም በስጦታ የመጣች ናት፤ አልጣሽ የሰጠቻት፣ ሰው ጠይቋት የማያውቀውን ነገር ስለተጠየቀች ደስ ብሏት።

ያምሮት ከልብስ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማንም አያያትም፤ ቢሆንም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አሥራ አንዱን ጥቋቁር እንስራዎች በጆንያ አድርጋ አልጋዋ ሥር ደበቀቻቸው። ወደ ገበያ መውረድ ተወች፤ ሽንኩርት በሰው አስመጣች። በመንገድ «ቲቸር» ሲሏት የሰማች ሳትመስል ታልፋለች። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ተስፋው ነገረቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ይቅርታ ጠይቀሻታል?»

«ገና ነኝ አባ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አስቸኮለሽ?» አሏት።

አልጣሽ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቡሬ እንደምትሸጥ ያምሮት ከጅጋ ከመጣ ገበሬ አጣራች። አዲስ ነጠላ ገዝታ፣ በፌስታል አድርጋ በሚኒባስ ሄደች። የቡሬን ገበያ ሁለት ጊዜ ዞረችው። በሁለተኛው ዙር ነው ያየቻት፤ ከከብት ተራው ጥግ፣ ጥላ በሌለበት፣ አምስት ጀበናና ሦስት ድስት ዘርግታ ተቀምጣለች። ያምሮት አልፋት ሄደች። ጨው ሻጭ ጋ ቆማ ያልፈለገችውን ጨው ዋጋ ጠየቀች። ከዚያ ተመለሰች።

«እንደምን... እንደምን ዋሉ» አለች። «ዋሉ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተደናቀፈ።

አልጣሽ ቀና ብላ አየቻት። «ይተዉት እመይቴ። እንደለመዱት ይጥሩኝ። ምን ይፈልጋሉ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አሟሽቼያቸው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ያን ዕለት ይዘው ሲመጡ አየሁት እኮ። ያብለጨልጭ ነበር። የጎመን ዘር ሽታም ነበረው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

አልጣሽ ፈገግ ያለች መሰለች። «ለማን?»

ያምሮት መሬት መሬት አየች። ፌስታሉን አቀበለቻት፤ አልጣሽ ሳትከፍተው ከጎኗ አኖረችው። «ይቅር ይበሉኝ» አለች ያምሮት።

«ይቅር ብያለሁ። እግዜር ይቅር ይበልዎ።» ሰው ለማኝን «እግዜር ይስጥህ» ብሎ እንደሚያልፈው ፈጥና ነው ያለችው። ያምሮት ቀለል ይለኛል ብላ የመጣችው ነገር እንዳለ ደረቷ ላይ ቀረ። መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም።

«ከቤቴ እዚህ ሁለት መኪና ነው» አለች አልጣሽ፣ ጀበናዎቹን እያየች። «ጋን አያሳፍሩልኝም፤ ስለዚህ ጋን መሥራት ተውኩ። የማልፈውም በፍኖተ ሰላም ነው። መኪናው ቆሞ ሰው ሲጭን፣ በመስኮት ገበያውን አያለሁ።» ቀና አለች። «እዚህ ቡሬ ምንም አላሉኝም እኮ እመይቴ። ያሉኝ እዚያ ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ። ከቦታዬ እቀመጣለሁ። እርስዎም ከእኔ ጋር ይቀመጡ፤ ከማለዳ እስከ ገበያ መፍቻ።»

«ተቀምጬ ምን እላለሁ?»

«ያኔስ ምን እንደሚሉ ማን ነገርዎ?»

ቅዳሜ ያምሮት ማልዳ ወረደች። በዘንቢሏ ሁለት እንስራ ይዛለች፤ ከጥቋቁሮቹ አንዷንና ከጤና አዳሙ ሥር የነቀለቻትን ትንሿን። ሁለቱንም ቤቷ ውኃ ሞልታቸዋለች። አልጣሽ ቀድማ ደርሳ ድስቶቿን ደርድራለች። ከአጠገቧ አንድ የታጠፈ ጆንያ አለ፤ ያምሮት ዕቃ መስሏት ነበር፣ ለካ ለእሷ የተነጠፈ ነው። ተቀመጠች። ጉልበቷ ቋ አለ።

ሰው መጣ። ሰው ሁሉ ግን ከእነሱ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ይታጠፋል፤ መሬቱ ላይ ውኃ የተደፋ ይመስል። አንዳንዱ ያምሮትን አይቶ ሰላም ሊል ይጀምርና አጠገቧ ያለችውን ሲያይ ቃሉን ይውጠዋል። ያምሮት ቤቷ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ በወረቀት ሳይቀር ጽፋዋለች። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ከንግግሩ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አልቀረላትም።

አራት ሰዓት ግድም ንግሥቴ መጣች።

«ውይ በሞትኩት! ያምሮት! ምን ሆነሽ ነው መሬት የተቀመጥሽው? አመመሽ?»

«ደከመኝ» አለች ያምሮት። ቃሉ ሳታስበው ወጣ። «ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ።»

«ታዲያ እዚህ?» ንግሥቴ ወደ አልጣሽ ሳታይ በአገጯ ጠቆመች። «ነይ ተነሽ፤ እህል ተራው ጥላ አለ።» እጇን ዘረጋችላት።

አልጣሽ ጀበና በጨርቅ ትወለውል ነበር፤ እጇ ቆመ። ያ ብቻ ነው የሆነው።

የንግሥቴ እጅ ያምሮት ፊት ተዘርግቶ ነበር። ብትይዘው ትነሳለች፤ ብትነሳ ቤቷ ትገባለች፤ አልጣሽም አትከሳትም። ለማን ትከሳታለች?

«አላመመኝም» አለች ያምሮት። «ንግሥቴ፣ አልጣሽ አትክልቴን አልበላችውም። ያደረቅሁት እኔ ነኝ።»

«እረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ እንጂ። ያን ዕለት ሰምቶ የለም?»

በጉልበቷ ተነሳች። ሁለቱን እንስራዎች በሁለት እጇ ከፍ አደረገች። ያ የክፍል ድምፅ ይመጣልኛል ብላ ነበር፤ የመጣው ግን የሚንቀጠቀጥ የአሮጊት ድምፅ ነው።

«እዩ! ሁለቱም የእሷ ሥራ ናቸው። ሁለቱንም ማለዳ ውኃ ሞላኋቸው። ይህቺን እዩአት፣ ውጪዋ ረጥቧል። ይህቺ ጥቁሯ ደግሞ ደረቅ ናት። ይህቺን በጎመን ዘር አሽቼ ያሟሸኋት እኔ ነኝ። አያሟሿት ብላኝ ነበር፤ ንቄ አልሰማኋትም። ከዚያ መጥቼ እዚሁ ቦታ ላይ ስሟን አጠፋሁ።»

ገበያው ዝም አላለም፤ ገበያ ዝም አይልም። ግን ቅርብ ያሉት ዞሩ። ከሽንኩርቷ ኋላ የተቀመጠችው ሰብሊ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ተማሪዋ የነበረችው፣ አንገቷን አሰገገች።

«ቲቸር፣ ያልተሟሸ ሸክላ ቤት አይገባም ብለው በማስመሪያ እጄን የመቱኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ከሽንኩርት ተራ ወደ በርበሬ ተራ ተሻገረ፤ ያልሰማው የሰማውን እየጠየቀ እንደገና ይስቃል። ያምሮት ከእግሯ እስከ ራሷ ነደደች። እንስራዎቹን ግን አላወረደችም።

«እኔ ነኝ፣ ሰብሊ። አንቺንም ይቅር በይኝ።»

«አይ እኔስ ግዴለም፣ እጄ ድኗል» አለች ሰብሊ፤ ሌላ ሳቅ።

ንግሥቴ አልሳቀችም። ወደ ያምሮት ጆሮ ተጠግታ «እኔስ? ድስቴን አስሰበርሽኝ እኮ! በማኅበሩ ፊት እኔ ምን ልሆን ነው?» አለችና ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። ወደ ኋላ አልተመለከተችም።

አንዲት ሴት ቀረብ ብላ የትንሿን እንስራ እርጥብ ሆድ በጣቷ ነካች፤ ጣቷን አየችው፤ ምንም ሳትል ሄደች። ሌላዋ የጀበና ዋጋ ጠይቃ «እመለሳለሁ» አለች፤ አልተመለሰችም። እስከ ገበያው መፍቻ የተሸጠው ሁለት ድስት ብቻ ነው፤ አንዱን የገዛችው ከሩቅ ገጠር የመጣች፣ ነገሩን ሁሉ ያልሰማች ሴት ነች። «ምራቂስ?» ብላ ጠየቀች። አልጣሽ ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ ምራቂ የለኝም።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አልጣሽ የተረፈውን በገለባ ጠቀለለች። ያምሮት ጆንያውን አጥፋ አቀበለቻት።

«ቅዳሜ ይመጣሉ» አለች አልጣሽ። ጥያቄ አይመስልም።

ዛሬ ተናገርኩ እኮ ልትል ያምሮት አፏን ከፈተች። አልጣሽ ገመዱን እያጠበቀች ቀጠለች፦ «ያን ዕለት የፋሲካ ገበያ ነበር፤ ሰው ሞልቶ ነበር። ዛሬ ግማሹ አልመጣም።»

ያምሮት ባዶውን ገበያ፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ የተረገጠውን ገለባ አየች። «እመጣለሁ» አለች።

«እንግዲያ ይህቺን ይያዙልኝ። በአንድ ጀርባ አልቻልኩም።»

የቀረበላት ሆዷ ሰፊ፣ ያልተሸጠች ማሰሮ ነበረች። ያምሮት አጎንብሳ ጀርባዋን ሰጠች፤ አልጣሽ ገመዱን በደረቷ ላይ አሰረችላት። መኪናው የሚቆመው ከአስፋልቱ ዳር ነውና ከተማውን መሐል ለመሐል ማለፍ አለባቸው። በየሱቁ በር በርጩማ ላይ የተቀመጡት ያምሮትን አዩአት፤ ጀርባዋ ላይ ያለውንም አዩ። አንዳንዱ እንደ ልማዱ ሊነሳ ብሎ መሐል ላይ ቀረ። ያምሮት ቢሆንላት በሩጫ ባለፈችው ነበር። ግን ማሰሮዋ እንዳትሰበር ቀስ ብላ መራመድ ነበረባት።